ከቅጽሩ ደጅ ቆሞ መሣል፦ ስለ ሰሜን ሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና ቅዱሳት መካናት ሥዕሎች በደብረ ብርሃን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ መምህራን፣ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ወጣት ሠዓልያን፤

በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች ከአንኮበር እስከ መንዝ፣ ከቡልጋ እስከ ሸንኮራ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትንና ሰው በረከት ፍለጋ የሚሄድባቸውን ሥፍራዎች የሚያሳዩ ናቸው። አዘጋጆቹ ስለ ሥራዬ አካሄድ እንዳስረዳ ጠይቀውኛል፤ እኔም በተሰጠኝ ጊዜ ከእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ በስተጀርባ ያለውን አንድ ሐሳብ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ቤተ ክርስቲያንን ከውጭ ቆሞ የሚሥል ሰው ሕንፃውን ብቻ ከሣለ ቤተ ክርስቲያኑን አልሣለም ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ቅድስናው ከሕንፃው ግድግዳ አይጀምርም፤ ከውጨኛው ቅጽር በር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጠለቀ እስከ መንበሩ ይደርሳል እንጂ። ዛፉ፣ ዐጥሩ፣ ደጀ ሰላሙ፣ መቃብሩ፣ ቤተልሔሙ፣ በደጅ ቆሞ የሚሳለመው ምእመን ሁሉ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ሠዓሊውም ይህን ቦታ ቦታቸውን ለይቶ ማወቅ አለበት።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአገራችን የሥዕል ትውፊት እጅግ ረጅም ዕድሜ ያለው ቢሆንም፣ ቤተ ክርስቲያንን ከነመልክዐ ምድሩ ከውጭ መሣል ግን የዚያ ትውፊት ልማድ አልነበረም። የቀድሞው ሠዓሊ ሥራው ውስጥ ነበር። በክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌቱን አልፎ ወደ ቅድስት ሲገባ ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የመቅደሱ ግድግዳ የእርሱ ገጽ ነበረ፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣለው ሥዕል በዚያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በበሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይቆማሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አቅንተው በሁለት ዐይን፣ ኃጥአንና አጋንንት ደግሞ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ሕንፃ በሥዕሉ ውስጥ ቢገባ እንኳ ምልክት ሆኖ ነው የሚገባው። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ጥንታውያን ባለ ሥዕል የወንጌል መጻሕፍት መካከል በሚቈጠሩት በአባ ገሪማ ወንጌሎች ውስጥ ደረጃ ያለው እንግዳ ሕንፃ ተሥሎ ይገኛል፤ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ እንደሚያመለክት የሚናገሩ አጥኚዎች አሉ። ይህ ሠዓሊ ያነበበውንና ያመነውን ሣለ እንጂ ቆሞ ያየውን ግንብ አልሣለም።

ሸዋን ከተራራዋና ከሰማይዋ ጋራ ከውጭ ቆመው ከሣሉት ቀደምት ሠዓልያን አንዱ ጀርመናዊው ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ነው። በርናትዝ በዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ መሪነት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጋራ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በነበረው ጊዜ ወደ አገራችን መጥቶ አንኮበርንና አካባቢዋን የነደፈ ሲሆን፣ ሥዕሎቹ በ1852 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በአልበም ታትመዋል። ይህ ሥራ ለእኛ ትልቅ ሰነድ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በርናትዝ ከመጣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ እርሱ ያየው ሸዋ ባሕር ዛፍ የሌለበት ሸዋ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃንን የሚሥል ሰው ግን ባሕር ዛፍን ሳይሥል ማለፍ አይችልም፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ወይም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን ለመሣል የተነሣ ደግሞ ዐይኑ የለመደውን ያን ግራጫ አረንጓዴ ቀለም ከሸራው ላይ ማውጣት ይኖርበታል። ነገር ግን በርናትዝ እንግዳ ነበር፤ እንግዳ ተራራውን፣ ከተማውንና የንጉሡን ሰልፍ በሚገባ ያያል፤ በየትኛው በር ማን እንደሚገባ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ከደጅ ተሳልሞ እንደሚመለስ ለማወቅ ግን በሥፍራው ያደገ ሰው ያስፈልጋል። ለእኛ የተረፈው ሥራ ይህ ነው።

በሌላ በኩል የራሳችን አንጋፋዎች አሉ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው። ለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል ሥዕሎች ሠርተዋል፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ሦስት ክፍል የመስታወት ሥዕላቸው ደግሞ ስማቸውን ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። ያን የመስታወት ሥራ ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የመቅደስ ግድግዳ ነው፤ ወፍራሙ ጥቁር መስመር፣ በመስመሩ የታጠረው ድፍን ቀለም፣ ፊቱን ወደ እኛ አቅንቶ የሚያየው ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ ዐይን እንዳፈለቀው ይናገራል። የሠላሌው ተወላጅ አለ ፈለገ ሰላምም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1957 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ እርሳቸውም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠርተዋል። በእኔ አስተያየት ከሁለቱም የምንማረው ትልቁ ነገር አዲስ የሥዕል ስልት መያዝ የአብያተ ክርስቲያናቱን ዕውቀት ለመተው ምክንያት እንደማይሆን ነው። እነርሱ በውስጥ ሣሉ፤ እኛ ከውጭ ስንሥልም ያንኑ ዕውቀት ይዘን መውጣት ይገባናል።

አሁን ወደ ቅጽሩ ልምጣ። በስተግራ በኩል ያለውን ትልቁን የአንኮበር ኪዳነ ምሕረት ሥዕል ብትመለከቱ፣ ሕንፃው የሸራውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰዎች ለምን አነሰ ብለው ጠይቀውኛል። ያነሰው በሥፍራው ላይም የሚታየው እንዲሁ ስለሆነ ነው። ሰው ከታች ከመንገዱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ጉልላቱን ብቻ ነው፤ ከዚያ ጥዱና ወይራው ይሸፍኑታል፤ ቅጽሩ በር ላይ ሲደርስ እንደገና ግማሹ ይገለጣል፤ ሙሉውን ቤተ ክርስቲያን የሚያየው በሩን ተሳልሞ ወደ ዐውደ ምሕረቱ ከገባ በኋላ ነው። መሸፈኑና መገለጡ የሥፍራው ጠባይ ነው። በአንድ ፎቶግራፍ ሕንፃውን ከፊት አቅርቦ ዛፉን ቈርጦ የሚያሳይ ሰው ይህን መንገድ ያጠፋዋል፤ ሥዕል ግን ዛፉን ከፊት አድርጎ ቤቱን በመካከሉ ጭል ጭል እያደረገ ለማቆየት ይችላል። ስለዚህ በብዙዎቹ ሥዕሎቼ ከቤቱ ይልቅ ለዛፉ ረዘም ያለ ጊዜ ሰጥቻለሁ።

ስለ ዛፍ ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልጨምር። የቤተ ክርስቲያን ቅጽር በአገራችን የጥንቱ ደን ማረፊያ ሆኖ ቈይቷል፤ ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ በቅጽሩ ውስጥ ተርፈዋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን በአቅራቢያችን ስላለ፣ ሠዓሊው በቅጽሩ ውስጥ ያለውን ጥድ በደኑ ውስጥ ካለው ጋራ አመሳክሮ ማየት ይችላል። የቅጽሩ ጥድ ብቻውን በስፋት ስለሚያድግ ቅርንጫፉ ወደ ታች ይዘረጋል፤ በደን ውስጥ ያለው ግን እየተሻማ ሽቅብ ይወጣል። የጥድ አረንጓዴ ከሩቅ ሲታይ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል፤ ከወይራው ብርማ ቅጠል ጋራ ሲቆም ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ወጣት ሠዓልያን አረንጓዴን ከቱቦው እንዳለ አውጥተው ሁሉንም ዛፍ በአንድ ቀለም ሲቀቡት ባየሁ ጊዜ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ጥዱን ከባሕር ዛፉ ያልለየ ሥዕል የቅጽሩን ዕድሜ መናገር አይችልም። ዕድሜውን የሚመሰክሩት ዛፎቹ ናቸው፤ ሕንፃው ብዙ ጊዜ ታድሷል።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ይመለከታል፤ ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ በር ይገባሉ፤ ኅብስቱና ወይኑ የሚዘጋጅበት ቤተልሔም በስተምሥራቅ ይቆማል። ሠዓሊው የቆመበት ስፍራ ታዲያ የዘፈቀደ ሊሆን አይችልም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ መቆምን እመርጣለሁ፤ ኪዳን ለማድረስ በማለዳ የሚመጣው ምእመን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ስለሚቆም፣ ፀሐይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ትወጣለች፤ ቤቱ ራሱ በጥላ ውስጥ ሆኖ ዙሪያው ያበራል። በሥዕል ትምህርት ብርሃንን ከኋላ አድርጎ መሣል አስቸጋሪ ነው ይባላል፤ የግድግዳው ቀለም ይደበዝዛል፤ ዝርዝሩ ይጠፋል። ነገር ግን ጸሎተኛው የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ይህ ነው፤ ጉልላቱ ላይ ያሉት የሰጎን እንቁላሎች ጠርዛቸው ብቻ የሚያበራው፣ ቅጠሎቹ በብርሃን የሚታዩት በዚህ ሰዓት ነው። በቀትር ከደቡብ በኩል የተሣለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ጥርት ብሎ ቢታይም የጎብኚ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ብርሃንን በተመለከተ ይህች ከተማ ራሷ ለሠዓሊ ትልቅ ፈተና ናት። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ ሥፍራ ለብዙ ጊዜ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ያሠሩት በሰማይ ላይ ብርሃን ከታየ በኋላ እንደሆነ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህን ታሪክ መሣል ስፈልግ የገጠመኝ ጥያቄ ብርሃኑን ከየት ላምጣው የሚል ነበር። በትውፊታዊው ሥዕላችን ውስጥ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የለም፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ሁሉም ነገር እኩል የበራ ነው፤ የሥዕሉ መደብ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ የሰማይን ክብር ያመለክታል። ከውጭ ቆመን ለምንሥል ለእኛ ግን ፀሐይ ከአንድ ወገን ታበራለች፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላውን ይጥላል። በመካከለኛው ግድግዳ ላይ ባለው የደብረ ብርሃን ሥዕል ሜዳውን፣ ከብቶቹንና ሰዎቹን ያለ ጥላ ሥዬ ሰማዩን በትውፊቱ ቢጫ መደብ የሞላሁት በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎቹ ሥዕሎች የዛሬውን ፀሐይ ተከትያለሁ፤ በዚህኛው ግን የሠዓልያነ ቤተ ክርስቲያንን ብርሃን መከተል ለታሪኩ የሚስማማ መስሎ ታየኝ፤ አሁንም እንዲሁ አምናለሁ።

ጉምን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ያለው ገደል ከደጋው ወደ አፋር ቆላ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ከደጋው ብርድ ጋራ ሲገናኝ ጉም ሆኖ ገደሉን ይሞላል። በዚያ ጫፍ ላይ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንድ ማለዳ ከመሬት የተነሡ ይመስላሉ። ይህ ውበት አደገኛ ነው፤ ሠዓሊውን ወደ ጌጥ ይስበዋል፤ ጉሙ ሁሉን ሸፍኖ ቤተ ክርስቲያኑ ተንሳፋፊ ሕልም እስኪመስል ድረስ ይወስደዋል። በእኔ አመለካከት ጉሙ ሥር ያለውን መንገድ፣ የገብሱን ማሳና የእንጨት ተሸካሚዋን እናት መተው ለሥፍራው ታማኝ አለመሆን ነው።

ወደ ክዳኑ ልለፍ። የቀደሙት አብያተ ክርስቲያናት በሣር ይከደኑ ነበር፤ በመንዝ ደግሞ ለዚህ የሚሆነው ሣር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። የጓሳ አካባቢ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሥፍራ ሲሆን፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ሳይነካ ይቈይና በሥርዓቱ ሲከፈት ይታጨዳል፤ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድም ይገመድበታል። ለሠዓሊ ይህ ዕውቀት ትርፍ አይደለም። የጓሳ ሣር ክዳን አዲስ ሲሆን ወርቃማ ነው፤ በክረምቱ ዝናብ ይጠቁራል፤ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል፤ የጠርዙ ውፍረት ደግሞ በግድግዳው ላይ ሰፊ ጥላ ይጥላል፤ ሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ወደ መሬቱ ያዘነበለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቆርቆሮ ግን ጠርዙ ቀጭን ነው፤ ጥላው ጠባብ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማዩን መልሶ ያንጸባርቃል። ቆርቆሮን እንደ ጥፋት የሚያዩ ሠዓልያን አሉ፤ በሥዕላቸው ላይ ሁሉንም ቤተ ክርስቲያን መልሰው ሣር ያለብሱታል። እኔ ይህን አልቀበልም። ቆርቆሮ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ክዳን ሆኗል፤ ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው፣ ከሩቅ ተሸክመው ያመጡት ነው፤ የዛገውም ቆርቆሮ የራሱ የሆነ ቀይ ቡናማ ክብር አለው። ያለውን እንዳለ መሣል ይገባል።

ድንጋዩም እንዲሁ ነው። የሸዋ ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ሲረጥብ ሰማያዊ ይመስላል። የመንዝ ቤቶች፣ ቅጽሮችና መቃብሮች ከዚሁ ድንጋይ ስለተሠሩ ሰው የሠራውና ተራራው አንድ ቀለም ይይዛሉ። በዚህ ጥቁር ላይ ነጠላ ሲታይ ብቻ ነው ነጭ ምን ያህል እንደሚያበራ የሚታወቀው። ነጠላን ከቱቦ በወጣ ነጭ መቀባት ግን አይበቃም፤ በጥላ ውስጥ ያለ ነጠላ ሰማያዊ ነው፤ በፀሐይ ያለው ወደ ቅቤ ቀለም ያደላል።

እንግዲህ ስለ ሰዎቹ። በቅጽሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በምክንያት ነው የቆመበት ቦታ የቆመው። ወደ ውስጥ ለመግባት ራሱን ያላዘጋጀ ሰው ከደጅ ተሳልሞ ይመለሳል፤ ነዳያን በደጀ ሰላሙ ይቀመጣሉ፤ የአብነት ተማሪዎች በጎጆዎቻቸው ደጃፍ ሆነው ያጠናሉ፤ ሽማግሌዎች ከሰንበቴው ቤት ጥላ ሥር ይነጋገራሉ። ሠዓሊ ሥዕሉን ለማስዋብ ብሎ ሰው እንደ ጌጥ ቢበትን፣ ይህን የሚያውቅ ተመልካች ወዲያውኑ ስሕተቱን ያገኘዋል። በአንዱ ሥዕሌ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የቅጽሩን በር የምትሳለም ሴት አለች፤ አንዳንዶቻችሁ ፊቷ ለምን አልታየም ብላችኋል። ያን ጊዜ ፊቷ ወደ በሩ ነው፤ ወደ እኛ ልታዞር የሚገባት ምክንያት የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ብሩሽ የሚቆምበትን ቦታ ልናገር። ታቦትን አልሥልም፤ ማንም ሊሥለው አይገባም። በከተራና በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ የሚታየው ካህኑ በራሱ ላይ የተሸከመው መጎናጸፊያና ከላዩ የተዘረጋው ጃንጥላ ነው፤ ሠዓሊም የሚሥለው ይህንኑ ነው፤ የጨርቁን ሐር፣ የወርቁን ዘርፍ፣ የካህኑን አንገት ቅንነት። ለሠዓሊ ይህ የሚያሳንስ ገደብ አይደለም፤ እንዲያውም ከምንሠራው ሁሉ ከባዱ ሥራ ነው፤ የማይታየውን ነገር ክብር በሚታየው ጨርቅ ክብደት ማስታወቅ አለብን። ጠበል ሥፍራዎችም እንዲሁ ናቸው። ወደ ጻድቃኔ ማርያምና ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ሕመማቸውን ይዘው የሚመጡ ወገኖቻችን ለመታየት አልመጡም። ስለዚህ በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ የምታዩት መንገዱን፣ ድንጋዩን፣ ውኃውን፣ በጀርባቸው የጠበል ዕቃ የያዙ ተጓዦችን ነው፤ በጠበሉ ሥር ያለ ሰው አንድም አልሣልሁም። በመንዝ ባለው በአርባራ መድኃኔዓለም ዋሻም ሳይፈርሱ የቈዩት አስክሬኖች ብዙ ሰው የሚያወራላቸው ቢሆኑም፣ እኔ የሣልሁት ገደሉንና ወደ ዋሻው የሚወስደውን መንገድ ነው። ያረፈ ሰው ዕረፍቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

ቅዱስ ሥፍራ ሁሉ ሕንፃ የለውም። በዚህ ስብስብ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ሥዕል ምንም የማይታይበት ሜዳ ነው። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በሰጠው ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል፣ ግንቦት 12 ቀን አካባቢ መጀመሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ የተረፉት ወጣት ዲያቆናት ግን ወደዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው ግንቦት 18 ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ በጥይት መረሸናቸውን፣ በጣሊያን ቴሌግራም 129 ተብለው መቈጠራቸውን፣ ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ አያውቁም። ጣሊያኖች በጠቅላላው ከ400 የሚበልጡ ሰዎች መግደላቸውን ሲያምኑ፣ ከጊዜ በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከ1,400 በላይ፣ እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ይህን ታሪክ ለመሣል ወታደርና መትረየስ፣ ደምና ጩኸት መደርደር ይቻል ነበር። የመረጥሁት ግን ሜዳውን ብቻ ነው፤ የግንቦት ሰማይ ያለበት፣ ገና ዝናብ ያላገኘ፣ የደረቀ ሣር የሸፈነው ሜዳ። ዲያቆናቱ የሞቱበት መሬት በራሱ ቅዱስ ነው ብዬ ስለማምን፣ እንደ አንድ ቤተ ክርስቲያን አክብሬ፣ በዚያው ስፋትና በዚያው ትዕግሥት ሣልሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ጽሑፍ እንድታነብቡልኝ እለምናለሁ፤ ያለ ጽሑፉ ሥዕሉ ሙሉ አይደለም፤ ሥዕል ብቻውን የማይችለው ነገር እንዳለ መቀበል ይገባል።

አሁን ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት እየፈረሱ በምትካቸው ሰፋፊ የሲሚንቶ ሕንፃዎች እየተሠሩ ነው። ይህን የሚያደርጉት ምእመናን ክፉ ሐሳብ የላቸውም፤ ሕዝቡ በዝቷል፤ ክቡ ቤት አይበቃም፤ ክዳኑ ያፈሳል፤ የጭቃው ግድግዳ ይሰነጠቃል። ነገር ግን ከአሮጌው ግድግዳ ጋራ የሚጠፋው ብዙ ነው። በጨርቅ ላይ የተሣሉት የመቅደስ ሥዕሎች ከግድግዳው ሊነሡ የሚችሉ መሆናቸው በጎም ክፉም ውጤት አለው። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥቶ ወደ ፓሪስ ወስዷቸዋል፤ በምትካቸው በቡድኑ ሠዓሊ የተሠራ ቅጂ ተለጠፈ። ዛሬ እነዚያን ሥዕሎች ማየት የሚፈልግ የጎንደር ልጅ ባሕር መሻገር አለበት። ይህን የማነሣው የድሮ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ጨርቁ በጥንቃቄ ሊነሣ፣ ሊቀመጥ፣ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥም ተመልሶ ሊለጠፍ እንደሚችል ያን ጊዜ ስለ ታየ ነው። ለሌላ ሰው የተቻለው ለእኛ ለባለቤቶቹ እንዴት አይቻልም?

ከአንድ አጥቢያ አሮጌው ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰን እኛ ሠዓልያን ልንሠራው የምንችለው ሥራ አለ። ሥዕል ሕንፃን አያድንም፤ ሕንፃው እንዴት እንደ ቆመ፣ በምን ዛፎች መካከል እንደነበረ፣ ማለዳ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚወርድበት ግን መዝግቦ ያቈያል። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ሸራ ጀርባ በእርሳስ የምጽፈው፤ የአጥቢያውን ስም፣ ቀኑን፣ የቆምሁበትን አቅጣጫ፣ የክዳኑን ዓይነት፣ በቅጽሩ ውስጥ ያሉትን ዛፎች፣ የቤተልሔሙንና የደወሉን ቦታ፣ ደወሉም የድንጋይ ከሆነ መጠኑን። ከሥዕሉ ፊት ይልቅ ጀርባው የሚጠቅመው ጊዜ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላት ለሆናችሁ አባቶች አንድ ልመና አለኝ፤ አሮጌውን ቤት ከማፍረሳችሁ በፊት ለአንድ ሠዓሊና ለአንድ መለኪያ ያዥ ጥቂት ቀን ስጡልን፤ በክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ እስኪያባራ ታገሡን። ለወጣት ሠዓልያን የምለው፣ ከመጀመሪያው ንድፋችሁ በፊት ከአጥቢያው ካህን ጋራ ቅጽሩን አንድ ጊዜ ዙሩ፤ የትኛው ዛፍ በማን እንደተተከለ፣ የማን መቃብር የት እንዳለ፣ የትኛው በር ለማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ጻፉትም። በየሸራው ጀርባ የምጽፍበትን ቅጽ በቅጂ አዘጋጅቼ በመውጫው ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ፤ ከእናንተ መካከል በራሱ አጥቢያ መጀመር የሚፈልግ ሊወስደው ይችላል፤ የጎደለውን ዐምድም ይጨምርበት።